ከሐረር ለመጣው ጥያቄ፦ ነርስ አንደኛ ናት፣ ላንተ ግን ገና አይደለችም

ጥያቄው የመጣው ከሐረር ነው። ጠያቂው ጀጎል ውስጥ ይኖራል። ዴድ ባይ ዴይላይት የሚባለውን ጌም፣ አንድ ኪለር (ገዳይ) ሰርቫይቨሮችን (ለመትረፍ የሚሮጡትን) የሚያሳድድበትን፣ መጫወት ከጀመረ 9 ወር ሆኖታል። የሚጫወተው በላፕቶፕ ነው፣ ኢንተርኔቱ ከስልክ ሆትስፖት። ፒንጉ (መረጃ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ) 180 አካባቢ ይላል፣ አንዳንዴ ዘሎ 400 ይገባል። እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ኪለሮቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድርልኝ። ያየሁት ዝርዝር ሁሉ ነርስን አንደኛ ይላል። እኔ ግን በነርስ ስጫወት አራቱም ሰርቫይቨሮች እየሳቁ ነው የሚወጡት። ጥፋቱ የኔ ነው የዝርዝሩ? ሻርድ አጠራቅሜያለሁ፣ ማንን ልግዛበት?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ በቅድሚያ ልንገርህ። ዝርዝሩ አልዋሸህም፣ አንተም አላጠፋህም። ነርስ የምትባለው ኪለር በእውነት አንደኛ ናት። ላንተ ግን፣ በዚያ መስመር፣ ዛሬ አንደኛ አይደለችም። በሻርድህ፣ ማለትም ተጫውተህ ባጠራቀምከው የጌሙ ገንዘብ፣ ዶክተር የሚባለውን ኪለር ግዛ። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ረዘም ይላል፣ አቦ ታገሰኝ።

ከሂሳቡ እንጀምር። አንድ ኪለር አራት ሰርቫይቨሮችን ያሳድዳል። እነሱ ካሉት 7 ጄነሬተሮች 5ቱን ጠግነው፣ በር ከፍተው መውጣት አለባቸው። ኪለሩ መትቶ ይጥላል፣ ተሸክሞ መንጠቆ ላይ ይሰቅላል። አንድ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ከተሰቀለ አለቀለት። ጄነሬተር ለብቻ ሲጠገን 90 ሰከንድ ይፈጃል። አሁን አስበው። አንዱን ስታባርር ሦስቱ ሥራ ላይ ናቸው። አንዱን ለመጣል 90 ሰከንድ ከፈጀብህ ሦስት ጄነሬተር ሄደ። የቀረው ሁለት ነው። አንድም ሰው ሳትገድል ጨዋታው ሊያልቅ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የኪለር ደረጃ በአስፈሪነቱ አይለካም። በመልኩም በታሪኩም አይለካም። የሚለካው አንድን ሰው በስንት ሰከንድ ይጥላል በሚለው ነው።

ሰርቫይቨር በሰከንድ 4 ሜትር ይሮጣል። አብዛኛው ኪለር 4.6 ሜትር ይሄዳል። ልዩነቱ 0.6 ሜትር ብቻ ነው። ልጁ 12 ሜትር ከቀደመህ ሜዳ ላይ እንኳ ለመድረስ 20 ሰከንድ ያስፈልግሃል። ቀርፋፎቹ ኪለሮች 4.4 ናቸው። ለእነሱ ያው 12 ሜትር 30 ሰከንድ ይሆናል። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሮጥልህ ሰው ደግሞ የለም። ፓሌት አለ (መንገድህን ለመዝጋት የሚጥሉት የእንጨት መከለያ)፣ የሚዘለል መስኮት አለ። ፓሌት ሲጥልብህ ለመስበር ከ2 ሰከንድ በላይ ትቆማለህ። እሱ በዚያች ጊዜ 9 ሜትር ሄዷል። ያንን 9 ሜትር በ0.6 ስታካክስ ሌላ 15 ሰከንድ ሄደ። አምስት ፓሌት ስትሰብር አንድ ሙሉ ጄነሬተር አስጠገንክ ማለት ነው።

ይህን ነገር አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ከድሬ ወደ አክስቴ ጋ ጀጎል እመጣ ነበር። ሙቀቱን ሽሽት ነው። ከሰፈሩ ልጆች ጋር አባሮሽ እንጫወታለን። እኔ ሯጭ ነበርኩ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ጀጎል ውስጥ ግን ማንንም መያዝ አቃተኝ። ልጁ ከፊቴ ነው፣ ቅያሱን ይታጠፋል፣ ስደርስ የለም። እንደገና አየዋለሁ፣ እንደገና ይታጠፋል። ሁሉን የሚይዝ አንድ ልጅ ነበር። እሱ ብዙም አይሮጥም። ሌላው ከወዲህ ሲያባርር እሱ ዞሮ መውጫው ላይ ይሄድና ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። የሚሮጠው ልጅ ራሱ መጥቶ እጁ ላይ ይወድቃል።

ጥሩ ኪለር ማለት ያ ልጅ ነው። ወይ ግድግዳውን ያልፋል፣ ወይ ቅያሱ ሳያልቅ ይደርሳል፣ ወይ ከሩቅ ይመታል፣ ወይ መውጫውን ቀድሞ ይዘጋል። ከእነዚህ አንዱንም የማያደርግ ኪለር ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው። ሁለት እግር ደግሞ ጀጎል ውስጥ አይበቃም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ለሁሉም የሚሠራውን፣ ጥሩ መስመርና የሰለጠነ እጅ ላለው ሰው የሚሆነውን በቅድሚያ ልንገርህ።

አናት ላይ ነርስ ናት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 መጣች፣ ጌሙ ራሱ ከወጣ ሁለት ወር በኋላ። ከዚያ ወዲህ ስንት ኪለር ተጨመረ፣ ከ2016 እስከ 2025 ቁጥሩ ከ40 አለፈ። እሷን ከወንበሯ በቋሚነት ያወረዳት ግን የለም። ስትራመድ 3.85 ሜትር በሰከንድ ናት። ከሰርቫይቨሩም ትዘገያለች! ግን ብሊንክ የሚባል ዝላይ አላት፦ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ሜትር፣ ደግሞም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ። ግድግዳም ወለልም ሰንጥቃ ታልፋለች። ለእሷ ፓሌት እንጨት ነው፣ መስኮት ቀዳዳ ነው። ከላይ የሠራነው ሂሳብ በሙሉ እሷ ላይ አይሠራም። አንደኛ የሆነችውም በዚህ ነው።

ከእሷ ቀጥሎ ብላይት። እሱ ደግሞ በሩጫው ነው። ተወንጭፎ ግድግዳ ይመታል፣ ከግድግዳው ተወንጭፎ ሌላ ይመታል፣ በመጨረሻው ላይ አንተን። አምስት ጊዜ ድረስ ይቀጥላል። የለመደ ሰው ሲጫወትበት ማየት ያስደስታል። ያልለመደ ሰው ግን ከዛፍ ጋር ሲላተም ይውላል።

ከዚያ ሂልቢሊ፣ ስፒሪትና ሀንትረስ አሉ። ሂልቢሊ በመጋዙ ጤነኛውን ሰው በአንድ ምት ይጥላል፣ መሪው ግን ከባድ ነው። ሀንትረስ መጥረቢያ ትወረውራለች፣ ዝቅ ያለ ግድግዳ አይከልልህም። ስፒሪት ከዓይን ትሰወራለች። በዚያን ጊዜ አንተም ሰዎቹን አታያቸውም። የምትመራው በዱካቸውና በትንፋሻቸው ነው። እኔ የማከብራት ኪለር እሷ ናት። ከዚራ ያለው ጌም ቤቴ ውስጥ ግን ልጆቹን በእሷ እንዳይጀምሩ እመክራለሁ። ከሰዓት ድሬ ስትግል ሦስት ቬንትሌተር ይዞራል፣ ደጅ ላይ ባጃጅ ይንጫጫል። በዚያ ጫጫታ የሰው ትንፋሽ ከየት ይሰማል? ጥሩ ሄድፎን ከሌለህ ስፒሪት መሃል ሰፈር ትወርዳለች። ደረጃ በወንበርህም እንደሚቀየር ከዚህ እይ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የመጣው ጉልም ጠንካራ ነው፣ ለመልመድም አይከብድም። ግን ከሌላ ሥራ በፈቃድ የተወሰደ ገጸ ባሕርይ ነው። በፈቃድ የመጡትን በሻርድ አታገኛቸውም፣ በገንዘብ ብቻ ነው። የእኛ የብር ካርድ ውጭ አገር ሱቅ ላይ በቀላሉ የማይሠራ ነገር ስለሆነ፣ እነ ጉልን ለጊዜው እንተዋቸው። ሻርድ የሚገዛው የጌሙ ባለቤቶች ራሳቸው የፈጠሯቸውን ነው። እነሱም ይበቁሃል።

መሃል ላይ ብዙ ሕዝብ አለ፦ ዶክተር፣ ሬይዝ፣ ክላውን እና ሌሎችም። ታች ትራፐር። የጌሙ የመጀመሪያ ፊት እሱ ነው፣ በብዙ ሰው ዝርዝር ግን መጨረሻ አካባቢ ነው የሚቀመጠው። ወጥመድ ለመቅበር ጊዜ ይፈጅበታል፣ ያ ጊዜ ደግሞ የጄነሬተር ጊዜ ነው።

ይህ የሁሉም ዝርዝር ነው። አሁን ያንተን እንሥራ። ለዚህ ግን ፒንግ ምን እንደሚያደርግህ በትክክል ማወቅ አለብህ። አብዛኛው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ የቱ ላይ እንደሚጎዳው አያይም።

ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከሐረር እስከዚያ በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ደርሶ ለመመለስ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ሄደ። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አገራችን ባሕር የላትም። ኢንተርኔታችን እንደ ድሬ ባቡር በጅቡቲ በኩል ወይም በሌላ ጎረቤት በኩል ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው። በዚያ ላይ የስልክህ ሬዲዮ፣ የሰፈሩ መጨናነቅ ይጨመራል። 180 የመጣው ከዚህ ነው። ከፊሉን ማንም ሊያነሳልህ አይችልም።

180 ሚሊሰከንድ በሰከንድ 4 ሜትር ለሚሮጥ ሰው 70 ሴንቲሜትር ናት። አንድ እርምጃ። ሜዳ ላይ አትጎዳህም። ፓሌት ላይ ግን ጨዋታው በሙሉ ያቺ እርምጃ ናት።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ልጁ ፓሌቱ ጋ ደርሷል። አንተ ጀርባው ላይ ነህ። ትመታለህ። ስክሪንህ ላይ ደም ይረጫል፣ ድምፁም ይሰማል። ደስ ሲልህ ፓሌቱ ራስህ ላይ ይወርዳል። ልጁ ምንም አልሆነም፣ እየሮጠ ነው። አንተ «ጌሙ ሰረቀኝ» ትላለህ። አልሰረቀህም። የእሱ ፓሌት ሰርቨሩ ጋ ቀድሞ ደረሰ፣ ያንተ ምት ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነበር። ሰርቨሩ ሁለቱን አነጻጸረና ምትህን ሰረዘው። ፓሌት ላይ ሽሚያ ከገባህ፣ በ180 ፒንግ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸነፈው አንተ ነህ።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። ያ ዘሎ 400 የሚገባው ነው። ቋሚ 180 እጅህ ይለምደዋል፣ በሳምንት ውስጥ ራስህ ቀድመህ መምታት ትጀምራለህ። የሚዋዥቅ ፒንግን ግን እጅ አይለምደውም። በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ኪለር ይዘህ መስመሩ ሲዋዥቅ ጌሙ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ነርስ ብሊንክ አድርጋ ትመለሳለች። ብላይት ግድግዳውን ሳይነካ ያልፈዋል። አንተ በነርስ የምትሸነፍበት አንዱ ምክንያት እጅህ ሳይሆን ይህ ነው።

ስለዚህ ላንተ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ። ይህ ኪለር ፓሌት ላይ ሽሚያ ይገባል? መስመሩ ሲዋዥቅ ኃይሉ ይበላሻል? ሁለቱንም «አይ» የሚል ኪለር ላንተ ከላይ ነው።

ዶክተርን አንደኛ ያደረግኩት በዚህ ነው። 4.6 ይሄዳል፣ ቀርፋፋ አይደለም። በኤሌክትሪክ የተመታ ሰው ለአፍታ ፓሌት መጣል አይችልም፣ መስኮትም መዝለል አይችልም። ሽሚያው ከነጭራሹ አይነሳም። ፓሌቱ ቆሟል፣ ልጁ እጁ አይታዘዘውም፣ አንተ ትመታለህ። የኤሌክትሪኩ ስፋት ሰፊ ስለሆነ 70 ሴንቲሜትር ስህተት ይሸፍንልሃል። አጠቃቀሙን ግን እወቅ። ሲሞላ ፍጥነትህ ትንሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ በከንቱ አትተኩስ። ከተኮስክ በኋላም እስኪመታ ጥቂት ይዘገያል። ልጁ ከፓሌቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ልቀቀው። አንድ እርምጃ ሲቀረው ከለቀቅከው ረፈደ። ብልጥ ሰርቫይቨር ይህን ሲያይ ፓሌቱን ቀድሞ ይጥላል። ይጣል። ያለ ሽሚያ የተጣለ ፓሌት ማለት አንድ የጎደለ ፓሌት ነው፣ አንተም አልተመታህም። ሌላም ነገር አለው፦ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ አስጮኾ ያሉበትን ያሳያል። ሰው ፍለጋ የምታጠፋው ጊዜ ይተርፍሃል። ጀማሪ ስንት ደቂቃ የሚያጠፋው ፍለጋ ላይ ነው።

ሁለተኛ ትራፐር። አዎ፣ ያ መጨረሻ ያስቀመጥኩት። የተቀበረ ወጥመድ ፒንግ አያውቅም። አንዴ መሬት ላይ ከዋለ ሰርቨሩ ላይ ነው ያለው፣ መስመርህ 180 ሆነ 400 ሰው ሲረግጠው ይይዛል። ደግሞ ከጨዋታው ጋር በነጻ ነው የመጣው፣ ሻርድ አያስወጣህም። መውጫው ላይ ግድግዳ ተደግፎ የሚጠብቀው ልጅ እሱ ነው። ስትቀብር ግን ሩቅ ሩቅ አትበትን። አንድ ሰፈር ምረጥ፦ ሦስት ጄነሬተር የተቀራረቡበትን። ወጥመዱን ረጅም ሣር ውስጥ፣ በፓሌቱ ጎን ሰውየው በሚዞርበት በኩል ቅበር። የሚሮጥ ሰው ካሜራውን ወደ ኋላ አዙሮ አንተን ነው የሚያየው፣ እግሩን አያይም። በመስኮት ማዶ፣ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ። በዚያ መስኮት እንዲዘል ራስህ ንዳው። ያቺን ድምፅ፣ ብረቱ ሲዘጋ፣ አንዴ ከሰማህ በኋላ ትራፐርን ማን ደካማ እንዳለው ትረሳለህ።

ሦስተኛ ሬይዝ። እሱም በነጻ አለህ። ተሰውሮ ይፈጥናል፣ ለመምታት ግን ደወሉን መደወል አለበት። ጀማሪ ከኋላ ይደውላል። አንተ ተሰውረህ እለፈው፣ ከፓሌቱና ከእሱ መሃል ግባ፣ እዚያ ደውል። ከዚያ ሀንትረስ፣ መስመርህ ቋሚ በሆነ ቀን ብቻ። የሚዋዥቅ ቀን መጥረቢያዋ ሁሉ ግድግዳ ነው የሚመታው። ሂልቢሊ፣ ብላይትና ነርስ ያንተ ዝርዝር ታች ናቸው፣ ለጊዜው።

ነርስን ግን ሙሉ በሙሉ እንድትተዋት አልፈልግም። የምትሳሳተውን ከጽሑፍህ የገመትኩት ይመስለኛል። ልጁ ያለበት ቦታ ላይ ነው ብሊንክ የምታደርገው። ሙሉ ብሊንክ ለመሙላት ወደ 2 ሰከንድ ይወስዳል። በ2 ሰከንድ 8 ሜትር ሄዷል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደሚሄድበት ዝለል፣ ከእሱ ትንሽ አልፈህ። ከዚያ ዞር በልና ሁለተኛዋን አጭር አድርጋት። ያቺ አጭር ሁለተኛ ናት ሰው የምትመታው። ከጓደኛህ ጋር ከስተም ጌም (የግል ጨዋታ) ክፈቱና በሳምንት 20 ደቂቃ ይህንን ብቻ ተለማመድ። እሱ በአንድ ጎጆ ዙሪያ ይሩጥ፣ አንተ ተከተል። ሰው ፊት ሳትሸነፍ እጅህ ይማራል።

አሁን ስለ መስመርህ፣ ምክንያቱም ይህ ከማንኛውም ኪለር በላይ ደረጃህን ይለውጣል። የጀጎል ቤት ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው። ለሙቀትም ለብርድም ግሩም ነው፣ ለስልክ ሲግናል ግን መጋረጃ ነው። ስልኩን ከጎንህ አስቀምጠህ ከሆነ የምትጫወተው፣ ያ መዋዠቅ ከየት እንደመጣ ገባህ። በር አጠገብ ወይም ግቢው በሚታይበት መስኮት ላይ አድርገው። ከላፕቶፑ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በዩኤስቢ ገመድ አገናኘው። እኔ ጌም ቤት ውስጥ ገመድ ካስገባሁ ወዲህ የዘወትሩ ፒንግ ብዙም አልወረደም፣ መዝለሉ ግን ቀረ። ስትጫወት ሌላ ሰው በዚያው ስልክ መስመር ቪዲዮ አይክፈት። ማታ ሁሉም ሰው ኦንላይን ሲሆን መስመሩ ይጨናነቃል፣ ጠዋት ወይም ከምሳ በኋላ ሞክር።

መብራትን አትርሳ። ኪለር ሆነህ መስመርህ ከተቋረጠ ጨዋታው በሙሉ ያበቃል፣ የአራቱም ሰዎች ጊዜ ይቃጠላል። አንተም ቅጣት ትቀበላለህ፣ በተደጋገመ ቁጥር ቅጣቱ ይረዝማል። መብራት በሚሄድበት ሰዓት የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን፣ ስልኩም እንዲሁ። ባትሪህ ከግማሽ በታች ከሆነ አዲስ ጨዋታ አትጀምር።

ዶክተርን ዛሬ ግዛ። ከሻርዱ ከተረፈህ አስቀምጠው፣ ወዲያው ሌላ አትግዛ። በእሱ 20 ጨዋታ ተጫወት። ወረቀት አጠገብህ ይኑር። ፓሌት ላይ ደም አይተህ ልጁ ያመለጠበትን እያንዳንዱን ጊዜ አንድ መስመር አስምር፣ ስልኩ ያኔ የት እንደነበረም ጻፍ። 20ው ሲያልቅ ቁጥሩን ላክልኝ። ቀጥሎ ስፒሪትን እንግዛ ወይስ ሀንትረስን እንለማመድ፣ ያንን ወረቀት አይተን እንወስናለን።